የገበያ ቀን መርፌ

ዛሬ ሞጣ ላይ የምሠራበት ጤና ጣቢያ በር ላይ የስፒሪት ሽታ ሲቀበለኝ ቢቸና ትመጣብኛለች። ያኔ የሥነ ልቦና ተማሪ ነበርሁ፤ ለተግባር ልምምድ ወደዚያ ከተማ ጤና ጣቢያ የተላክሁ። ክፍል ስላልተገኘልኝ መርፌ ክፍሉ ጥግ፣ ከመጋረጃ ጀርባ ሁለት ወንበር ይዤ ተቀመጥሁ። ሰዉ ተወግቶ ይሄዳል እንጂ እኔ ዘንድ ማን ዝር ይላል! መድኃኒት የማትሰጥ ሐኪም ለምን ትረባለች?

አንድ የገበያ ቀን አንዲት እናት ጎረቤታቸውን አስከትለው ከአካባቢው ገጠር መጡ። «ራሴን ይፈልጠኛል፤ መርፌ ውጊኝ» አሏት ነርሷን። ነርሷ መርምራ ለመርፌ የሚያበቃ ነገር አላገኘችም። ጎረቤታቸውን ውጭ አስቀምጣ ወደ እኔ አመጣቻቸው።

ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ልጃቸው መንገድ በተዘጋ ሰሞን ወጥቶ እንደ ቀረ ነገሩኝ። መርዶ አልመጣም። መርዶ ላልመጣለት ሰው ደግሞ አይለቀስም፤ ዓይናቸው እንባ ባቀረረ ቁጥር አገር ምድሩ «በቁሙ አታሟርችበት!» እያለ ይቆጣቸው ነበር። ሆድ ይፍጀው ብለው ከረሙ።

«መርፌው አሞኝ ነው እላለሁ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «በዚያ አሳብቤ አንዴ ላልቅስለት፣ ልጄ።»

ነርሷን ጠርቼ በጆሮዋ ነገርኋት። በሩን ዘጋችልን። እናትየው እጄን ጨብጠው፣ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎስጉሰው አለቀሱ። ሲቃው ሲያመልጣቸው ጎረቤታቸው ከውጭ «ምነው፣ ምን አገኛት?» አለች።

«መርፌ ነው፤ ይኼኛው ያማል» አለቻት ነርሷ።

ከዚያ ወዲያ በየገበያው ቀን መምጣት ጀመሩ። አልቅሰው ሲጨርሱ ፊታቸውን ታጥበው፣ ክንዳቸውን እያሹ ይወጣሉ። «እህል መቅመስ ጀመርሁ» ሲሉኝ ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ፈራሁ። ልምምዱ ሊያልቅ ነበር። ልጃቸው ይግባ አይግባ እስከ ዛሬ አላውቅም።

መንገዱ እንደገና ሲታወክ ትምህርት ቤቱ ለልምምድ የወጣነውን ተማሪዎች የሚመልስ መኪና ሳይታሰብ ላከ። ሻንጣዬን ይዤ ስወጣ እሳቸው በር ላይ ደረሱ። መሄዴን ነገርኋቸው። ምርር ብሎኝ ነበር።

«እንግዲህ በሚመጣው ገበያ ማን ይወጋኛል?» አሉ።

«እኔ አለሁ አይደል፣ እናቴ» አለች ነርሷ ፈጥና። አንገታቸውን ነቀነቁላት። ዓይናቸው ግን ከእጄ ላይ አልተነሣም።