ሃምሳው ወይስ ሰላሳ አምስቱ

የአክስቴን ትልቅ ልጅ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ብልጭታ ነው የሚላት። ስሙ የወጣላት ካሜራ ከመያዟ በፊት ነው፤ ልጅ ሆና ሱቅ ስትላክ መሄዷ ሳይታወቅ ተመልሳ ስለምትገኝ። ኋላ የሠርግ ፎቶ አንሺ ስትሆን ስሙና ሙያዋ ተገጣጠሙ። እሷ ግን የካሜራ ብልጭታ አትወድም። «ሰው ፊት ላይ መብራት መወርወር ስድብ ነው» ትላለች። የመስኮት ብርሃን ካገኘች ሌላ አትፈልግም።

የአክስቴን ቤት ሳስብ ቀድሞ የሚመጣብኝ ሳሎኑ ነው። ሁለት ሶፋ፣ ባለመስታወት ቡፌ፣ ወደ መኝታ ቤት የሚያስገባ በር፣ መንገዱን የሚያይ ትልቅ መስኮት። በጣም ከመጥበቡ የተነሳ አንዱ ሊያልፍ ሲል ሌላው ጉልበቱን ይሰበስብ ነበር። የብልጭታ ታናሽ እህት ሙሽራ ሆና፣ ወላጆቿን ተሰናብታ የምትወጣው ከዚህ ሳሎን ነበር።

ፎቶውን ማን እንደሚያነሳ የጠየቀ የለም። ሌላ ሰው ቢጠራ ብልጭታ ዕድሜ ልኳን ባኮረፈች። ታናሿ ግን በአንድ ነገር አስቸገረቻት።

«ኬኩንም ተይው፣ መኪናውንም ተይው» አለቻት። «ከመኝታ ቤት ስወጣ፣ አባባ ሲያየኝ የሚኖረውን ፊት ብቻ ስጪኝ።»

«ሌላ ነገር ጠይቂኝ» አለች ብልጭታ።

ለምን እንዲህ እንዳለች የቤቱን አልበም ያየ ያውቃል። የአክስቴ ባል፣ እኔ ጋሼ የምለው፣ ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ነድቷል። ሲስቅ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኑ ጠፍቶ መስመር ብቻ ይሆናል፣ ሳቁ ለጎረቤት ይተርፋል። ካሜራ ሲያይ ግን ትራፊክ ፖሊስ ያስቆመው ይመስላል። አንገቱ ቀጥ፣ ዓይኑ ወደ ፊት፣ እጆቹም መሪ እንደያዙ ከፊቱ ተንጠልጥለው ይቀራሉ። በራሱ ሠርግ እንዲህ ነው፣ በልጆቹ ልደት እንዲህ ነው፣ በእኔ ምርቃት ላይም ከጎኔ ቆሞ መንጃ ፈቃድ የሚጠየቅ ሰው መስሏል። ከዚያ ሁሉ ፎቶ መካከል የሳቀበት አንድም የለም። እኛ የምናውቀው ሰዎች አንድ ቀን ባንኖር፣ ይህ ሰው ይስቅ እንደነበር ማን ያምናል? ታናሿን ያስጨነቃት ይኸው ነው።

ብልጭታ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው መድኃኒቷ ሁለት መቶው ነበር። ለማያውቅ ሰው ልንገር፤ ሌንስ በቁጥር ነው የሚጠራው። ቁጥሩ ከፍ ሲል የራቀውን ያቀርባል፤ አንሺው ሩቅ መቆም አለበት። ቁጥሩ ዝቅ ሲል ሰፊ ያያል፤ አንሺው መጠጋት አለበት። ብልጭታ ሁለት መቶውን ይዛ አዳራሽ ጥግ ትቆምና፣ ሰዎች ሳያውቁባት ሳቃቸውንም እንባቸውንም ትወስዳለች። እንግዶች አንሺዋ መምጣቷን የሚያውቁት ፎቶው ሲደርሳቸው ነው።

ሠርጉ ሲቃረብ ሌንስ ወደሚያከራየው ሰው ዘንድ አብረን ሄድን። የሚሠራው በጓንት ስለሆነ ዶክተር ይሉታል።

«ሳሎኑ ብርሃን አለው?» አላት።

«ጠዋት መስኮቱ ይበቃል።»

«እንግዲያው ብሌናቸው ሰፋ የሚሉትን ሌንሶች ውሰጂ። ስፋቱስ?»

«የማን?»

«የሳሎኑ።»

ብልጭታ ወደ እኔ ዞረች። «ሁለት ሰው ከተኛበት ሦስተኛው አይቆምበትም» አልኩት።

ዶክተር ሁለት መቶውን ከእጇ ወሰደባት። «እዚያ ውስጥ በዚህ የምታነሺው የአባትሽን ጥርስ ነው።»

እሷ ግን አልሰማችም፤ ሁለት መቶውንም ሌሎቹንም ሌንሶች በቦርሳ አጭቃ ወጣች። መንገዱን ሁሉ እንደ ልጅ እየዘለለች ነበር የምትሄደው። ቤት ስንደርስ ጋሼ ሥራ ላይ ነው፣ አክስቴ ገበያ ሄዳለች። መኝታ ቤቱ በር አጠገብ አቆመችኝ።

«አንተ አባባ ሁን። ፖሊስ አየህ።»

አንገቴን ቀጥ አደረግኩ። ሁለት መቶውን ገጠመችና ጀርባዋን ከግድግዳው አጣብቃ አነጣጠረች። «የሸሚዝህን ቁልፍ አገኘሁ» አለች። ሶፋው ላይ ወጣች፤ ጆሮዬን አገኘች። ከቤት ወጥታ በመስኮቱ በኩል ከመንገድ ላይ ሞከረች፤ የምታልፍ ሴትዮ «ቁልፍ ከውስጥ ቀርቶብሽ ነው የኔ ልጅ?» አለቻት። ሰማንያ አምስቱም ጠበባት። ሃያ አራቱን ስትሞክር ደግሞ ሳሎኑ አዳራሽ አከለ፣ አፍንጫዬ ግን አበጠ።

«በዚህ ያነሳሁ ቀን የሙሽራው አክስቶች በሙሉ ይቀየሙኛል።»

ሃምሳው ደህና ነበር፤ ለዓመታት የለመደችው ሌንስ ነው። ግን በሩን ካገኘች እኔን ታጣለች፣ እኔን ካገኘች በሩን። ሰላሳ አምስቱን ገጠመች። ቀስ ብላ እጅ በእጅ እስክንነካካ ተጠጋችኝ። በሩ አለ፣ እኔ አለሁ፣ መስኮቱ አለ፣ ከኋላዬ ቡፌው ሳይቀር አለ።

«ይኸው ነው» አለች፤ ድምፅዋ ተቀይሮ ነበር። ካሜራውን ዝቅ አድርጋ አየችኝ። «ግን እዚህ ቆሜ መደበቅ አይቻልም። አባባ ያየኛል።»

ያን ጊዜ ያልገባኝ ነገር ነበር። ብልጭታ የሰውን ሁሉ ደስታ ከሩቅ ነበር የምታየው። አሁን በገዛ እህቷ ሠርግ መሀል ልትቆም ነው።

በበነጋው ለዶክተር ደወለች። እናቷ ወጥ ቤት ነበረች። ከዚህ በኋላ ያለውን የሰማነው ሠርጉ ካለፈ ወዲህ፣ ከራሷ ከአክስቴ አፍ ነው። በግድግዳው በኩል የሰማችው ይህን ነበር፦

«ሃምሳውን ለምጄዋለሁ፣ አሳፍሮኝ አያውቅም። ለእህቴ ሠርግ ግን ሰላሳ አምስቱን ነው የማመጣው። ሁለት መቶውማ ከብዶኛል፣ ትከሻዬን ገደለኝ። ሰላሳ አምስቱን ፊት ለፊት አባባ ዘንድ ነው የማቆመው፤ የመጣው ይምጣ።»

ጥፋቱ የቋንቋችን ነው። ቁጥር ላይ ያቺን «ው» ስትቀጥልበት ሱሪ የለበሰ ሰው ሆኖ ይነሳል። ያላገባች ትልቅ ልጅ ያላት እናት ይህን ስትሰማ ስለ ሌንስ አታስብም። ጋሼ ከሥራ እስኪገባ አላስቻላትም፤ በር ላይ ተቀበለችው።

«ሁለት ናቸው» አለችው።

«ምኖቹ?»

«የልጅህ ሰዎች። አንዱ ሃምሳ ነው፣ አንዱ ሰላሳ አምስት።»

ጋሼ ቦርሳውን አላወረደም። «ስለ ሃምሳው ምን አለች?»

«ለምጄዋለሁ ነው የምትለው። ለሠርጉ የምታመጣው ግን ሰላሳ አምስቱን ነው። አንተ ፊት ልታቆመው።»

«ደግ አደረገች። ሃምሳውን እኮ ልጄ ልለው ነው ወይስ ወንድሜ?»

«ሁለት መቶው ከበደኝም ብላለች።»

«ሁለት መቶ ደግሞ ምንድን ነው?»

አክስቴ አሰበች። «ኪሎው ይሆናል።»

ራሷ እስክታስተዋውቃቸው ላይጠይቋት ተስማሙ። ጋሼ ግን ኮቱን አውጥቶ አስተኮሰ፤ በመስታወት ፊት ቆሞም ለእንግዳው የሚለውን ሲለማመድ አክስቴ ሰምታዋለች።

የሠርጉ ጠዋት መስኮቱ ብርሃኑን እንደ ወተት ሳሎኑ ውስጥ አፈሰሰው። ሙሽራዋ መኝታ ቤት ውስጥ ናት፤ ሚዜዎቿ ይስቃሉ፣ መንገዱ ላይ ጥሩንባ ይነፋል። ጋሼ ቁም የተባለበት ቦታ ቆሟል፤ አንገቱ ቀጥ፣ እጆቹ መሪ ላይ። ብልጭታ ትንፋሹ በሚሰማት ርቀት ላይ ናት። ፊቷን አየሁት፤ ቀልቶ ነበር። እንዲህ ከቀረበች አባቷ ቀልጦ እንደማይለሰልስ ታውቃለች፣ ሌላ መላ ግን የላትም። በሩ ላይ ከውስጥ ተንኳኳ፤ ልትወጣ ነው ማለት ነው።

አክስቴ መታገስ አቃታት። ከኋላ ተጠግታ የልጇን ክርን ነካች።

«ታዲያ መጣ?»

«ማን?»

«ሰላሳ አምስቱ ነዋ።»

«ይኸው በእጄ ይዤዋለሁ፣ እማዬ።»

አክስቴ የልጇን እጅ አየች፤ ካሜራ ብቻ ነው። ሶፋው ላይ የተቀመጡትን ወንዶች አንድ በአንድ አየች። ጋሼም ሰምቶ ኖሮ አንገቱን ሳያዞር «የታለ?» አለ በአፉ ጫፍ።

«ይኼዋ» አለች ብልጭታ ግራ ገብቷት፣ የሌንሱን ከንፈር ወደ እሱ መለስ አድርጋ። ዙሪያውን ነጭ ጽሑፍ አለበት። ጋሼ ጎንበስ ብሎ ቁጥሩን አነበበ። ከዚያ ቀና አለና ሚስቱን አያት።

«ሰውዬው ይኼ ነው?»

አክስቴ አፏን በእጇ ያዘች።

«እኔ እኮ» አለ ጋሼ፣ «ሥራህ ምንድን ነው ብዬ ልጠይቀው ስለማመድ ነው የሰነበትኩት።»

መጀመሪያ የሄደው ትከሻው ነው። መሪው ከእጁ ወደቀ፣ ዓይኑ መስመር ሆነ፣ ሳቁ ከሳሎኑ አልፎ መንገድ ላይ ወጣ። በሩም የተከፈተው በዚሁ መሀል ነው። ሳቁ ሳያልቅ ዞረ፣ ልጁን በነጭ አያት። ሳቁ ከፊቱ ላይ አልሄደም፤ እንባው መጥቶ አብሮት ተቀመጠ እንጂ። ብልጭታ እጅ በሚደርስበት ርቀት ላይ፣ እሷም እየሳቀች፣ የካሜራውን ቁልፍ ተጫነችው።

ፎቶው ትንሽ አዘንብሏል። ጋሼ አለ፣ ሙሽራዋ አለች፣ አክስቴ አፏን ይዛ ዳር ላይ አለች። ሰላሳ አምስቱ ሁሉን ያያልና ከኋላቸው ቡፌውም ገብቷል፤ በቡፌው መስታወት ውስጥ ደግሞ አንዲት ሴት ካሜራ ፊቷ ላይ አድርጋ ጥርሷ በሙሉ ይታያል። ብልጭታ በቤተሰቡ የሠርግ ፎቶ ውስጥ ስትገኝ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ልትቆርጠው ስትል ታናሿ እጇን ያዘቻት። «አንቺን ከቆረጥሽ ፎቶውን አልወስድም» አለቻት።

ያ ቤት አሁን የሌላ ሰው ነው፤ ሳሎኑንም አስፍተውታል ይላሉ። ጋሼ ጡረታ ወጥቷል። ብልጭታ ልትጠይቃቸው በሄደች ቁጥር ግን በር ላይ አንገቱን አውጥቶ ከኋላዋ ይፈልጋል።

«ብቻሽን ነሽ ወይስ ሰውዬው አብሮሽ አለ?»

እሷም የትከሻዋን ቦርሳ መታ መታ ታደርግለታለች።