የሰቆጣው ሽሮ ቤትና እግሬ

ሰቆጣ ስገባ ማደሪያ አላስጨነቀኝም፤ አንዲት ጠላ ሻጭ ጓሮዋ ካለው ጎጆ አስጠጋችኝ። የጨነቀኝ የምበላበት ነበር። በእኛ አገር የመሸበት ሰው ደጅ ቆሞ "የእግዜር እንግዳ" ካለ ያበሉታል፤ ግን ወር ሙሉ እንግዳ የሚሆን ሰው የለም። እንጀራ ገዝቶ መብላት ደግሞ ያኔ ነውር ነበር። ወገን የሌለው፣ ከአገሩ የተባረረ ሰው ያስመስላል። አባቴ ቢሰማ ለሳምንት አያናግረኝም ነበር።

ከአምደወርቅ በእግሬ የመጣሁት ማመልከቻ ጽፌ ልኖር ነው። ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ድንጋይ ላይ እቀመጥና ለባላገሩ አቤቱታ እጽፋለሁ። ባለጉዳይ ሲጠፋ በተበላሸው ወረቀት ጀርባ ግጥም እሞክራለሁ። ግጥም ማንም አላስተማረኝም፤ አንድ ቦታ መቀመጥ ስለማልችል እየተራመድኩ ነው የምገጥመው። ቤት የሚመታልኝ ዳገት ስወጣ ነው። ይህን የምናገረው እግሬ ለእኔ ምን እንደነበር እንዲታወቅልኝ ነው።

ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ያለው ጠጅ ቤት ጥብሱ ግሩም ነበር ይላሉ። ዳኞቹና ፖሊሶቹ የሚበሉት እዚያ ስለሆነ እኔ አልገባም፤ ባለጉዳዮቼ ካዩኝ ምስጢራቸውን የሸጥኩባቸው ይመስላቸዋል። ገበያው ዳር ከአንድ እስላም ነጋዴ ሱቅ ጋር የተያያዘ ሻይ ቤት አለ። ሥጋቸውን እኛ አንበላም፣ የእኛንም እነሱ አይበሉም፤ ሻይና ዳቦው ግን የሁላችንም ነው። ዳቦ ብቻውን ግን ለሃያ ዓመት ጎረምሳ እስከ ምሳ አያደርስም።

የሚያጠግበው ከገበያው በታች ያለው ሽሮ ቤት ነበር። ባለቤቷ እናቴን የምታክል ሴት ነች። ደንበኞቿ ወዛደሮች፣ ከአበርገሌ ፍየል ነድተው የሚመጡ ሰዎችና እንደ እኔ ያሉ ወገን የሌላቸው ነበሩ። የሰው ዓይን እየፈራን ሁላችንም ጋቢያችንን ተከናንበን ፊታችንን ወደ ግድግዳው አዙረን እንበላለን። ሽሮው ወፍራም ነው፣ ለስለስ ያለ፣ ትንሽ ጣፈጥ የሚል። ከጥቅምት እስከ መጋቢት ሌላ ቤት አላየሁም። እንዲያውም ገጠምኩላት፦

እናት የሌለው ሰው ሰቆጣ ቢመጣ፣
ከዚች ቤት ገብቶ ነው ረሀቡ የሚወጣ።

ወዛደሮቹ ይዘውት ዞሩ። ደንበኛዋም በዛ።

ዐቢይ ጾም አጋማሽ ላይ አንድ ቀን ችሎት ስላልነበረ ሳልጠበቅ በጓሮ በኩል ገባሁ። ሴትዮዋ አፍና አፍንጫዋን በነጠላ ሸፍናለች፤ ከቁርጭምጭሚቷ እስከ ጉልበቷ በጨርቅ ተጠቅልላለች። ትልቅ ድስት ይንተከተካል።

"አትቅረብ!" ብላ ጮኸች። "ወደ ኋላ በል፣ እንፋሎቱ ይነካሃል!"

ባለሁበት ደረቅሁ። "ምንድን ነው እናቴ?"

"ጓያ ነዋ! ምን ይሆናል? አንተ የደጋ ልጅ፣ ጓያም አታውቅ?"

በስም አውቀዋለሁ፤ እግር ይሰብራል ሲባል ሰምቻለሁ። እኛ ጋ ገብስና ባቄላ እንጂ እሱ አይዘራም። አጠገቧ ሰፌድ ላይ የተረፈውን ጥሬ አየሁ፤ እንደ ወለቀ ጥርስ ማዕዘን ማዕዘን ያለው ፍሬ ነው።

"ሽሮው... ሽሮው የዚህ ነው?"

"ዘንድሮ ሽምብራ የት አለ ልጄ? ዝናቡ ቀርቶ ገና በአበባው አይደል የከሰመው። ይሄ ብቻ ነው የቻለው። አንተ ምን አስፈራህ? አንድ ቀን እንፋሎቱን አስነክቻችሁ አውቃለሁ?"

እውነቷን ነው። ድስት ስትጥድ ሁልጊዜ "ውጡ ልጆቼ፣ ውጡ፣ አየር ውሰዱ" ብላ ታስወጣን ነበር። ለጭሱ አዝናልን ይመስለኝ ነበር።

በሩ ሥር አንድ ሰው ይቀመጣል፤ የአሞሌ ጨው ነጋዴ የነበረ፣ አሁን በሁለት ዱላ የሚሄድ። ሲራመድ ጉልበቱና ጉልበቱ ይፋተጋሉ፣ በእግሩ ጣት ብቻ ነው መሬት የሚነካው። ስለ ጽድቅ እያለች ታበላዋለች። ያን ያህል ወር አብሬው ስበላ ምን እንደሰበረው አልጠየቅሁም ነበር፤ ከበቅሎ የወደቀ ይመስለኝ ነበር።

"ጋሼ፣ እርስዎን ምን ነካዎት?" አልኩት።

"እሱ ነዋ!" አለ በዱላው ወደ ድስቱ እያሳየ። "በመንገድ ላይ ንፍሮ ሲቀቅሉ እሳቱ ዳር ተኛሁ። እንፋሎቱ ገባብኝ። ስነቃ እግሬ የሰው እግር ሆነ።" ከዚያ ሳቀ። "ግን ተጠንቀቅ፤ ጓያ ጎረምሳ ይወዳል። ሴት አይነካም፣ ሽማግሌም አይነካም። እኔን ሲያገኘኝ እንደ አንተ ነበርኩ፣ እንዲያውም መልኬ ይሻል ነበር።"

"አታስፈራራው አንተ ሰይጣን!" አለችው። እሱ በአገውኛ አንድ ነገር መለሰላት፣ ሁለቱም ሳቁ።

እኔ እግሬን እያየሁ ነበር። በንፍሮው ጊዜ እሳቱ ዳር ተኛ፤ ንፍሮውንስ አልበላም?

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ግራ ተረከዜ የራሱ ነገር ሆነ። ስሄድ እሰማዋለሁ። ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ሲጎተት "ሸርርር" የሚል መሰለኝ። ባለጉዳይ ፊት እየጻፍኩ ባቴ ይኮማተራል፤ እነሳለሁ፣ እቀመጣለሁ። አንዱ ባላገር "ጌታው፣ አቤቱታዬ ላይ ጉንዳን አለ እንዴ?" አለኝ። አልሳቅሁም። ከዚህ በፊት ተቀምጬ ስነሳ ባቴ ተኮማትሮ ያውቃል ወይስ አያውቅም? አላስታውስም። ጤነኛ ሰው እግሩን መቼ ያስታውሳል።

በማግስቱ ክሊኒክ ሄድኩ። ያለው ቁስል የሚያጥብ፣ መርፌ የሚወጋ አንድ ድሬሰር ነው፤ እኛ ግን "ዶክተር" እንለዋለን። የሆነውን ነገርኩት።

"እንፋሎቱ ምንም አያደርግም" አለኝ፤ ብዙ ጊዜ ተናግሮ እንደሰለቸው ያስታውቃል። "የሚሰብረው ሆድህ የገባው ነው። ስንት ወር በላህ?"

"አምስት።"

"በየቀኑ?"

"በየቀኑ።"

ብዕሩን አስቀመጠ። ሰው ብዕሩን ሲያስቀምጥ ምን ማለት እንደሆነ እኔ አውቃለሁ። በተረከዜ ብቻ አስኬደኝ። ቀጥሎ በቀኝ እግሬ አዘለለኝ፣ ደህና ነበርኩ። በግራ ሲያዘልለኝ ሚዛኔን ስቼ ግድግዳውን ያዝኩ።

"ደንግጠህ ነው ወይስ...?" አለ፣ አልጨረሰውም። "ከዛሬ ጀምሮ ተው። የሄደ ጉልበት አይመለስም። ያለህን ግን ልታተርፍ ትችላለህ።"

"ልተርፍ እችላለሁ ነው ወይስ እተርፋለሁ?"

"እኔ እግዜር ነኝ?"

ወደ ሽሮ ቤቱ በሚወስደው መንገድ መሄድ ተውኩ። በሻይ ቤቱ ዳቦ ሰነበትኩ፤ ያጠግባል አያጠግብም ብዬ አላሰብኩም። ለሌሎቹ ግን አልነገርኩም። እውነቱን ልናገር፣ ፈራሁ። ከነገርኳቸው ነገሩ እውነት የሚሆንብኝ መሰለኝ። እነሱ ግን የእኔን ግጥም እያሉ ይበሉ ነበር።

በአራተኛው ቀን ሴትዮዋ ራሷ ፍርድ ቤቱ አጥር ድረስ መጣች።

"ምን በደልኩህ ልጄ? ሳህኔ ቆሸሸብህ?"

ድሬሰሩ ያለውን ሁሉ ነገርኳት። ባለጉዳዮቹ ጆሯቸውን ጥለው ይሰማሉ። መጀመሪያ ተቆጣች። እሷም እኮ ትበላለች! እናቷም ስትበላ ነው ያረጀችው! ከዚያ ጎንበስ ብላ እግሬን አየች።

"እስኪ ሂድ" አለችኝ። "እስከዚያ ሾላ ዛፍ ደርሰህ ተመለስ።"

ሄድኩ። ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። ሰው ሁሉ ያየኛል። እንደዚያ ቀን መሬት ሩቅ ሆና አታውቅም። እንዴት እንደሚራመዱ እያሰቡ መራመድ ምን እንደሆነ ያኔ አወቅሁ፤ እያንዳንዷን እግር አንስቼ የማስቀምጠው እኔ ነበርኩ። ስመለስ ፊቷን አየሁ። ዓይኗን አሸሸችብኝ።

"ደህና ነህ" አለች በጥድፊያ። "ምንም አልሆንክም። እንደ ፍየል ነው የምትሄደው።" ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። "እነዚያንስ? እነዚያን ልጆች ምን ላብላቸው?"

"እኔ ምን አውቃለሁ እናቴ" አልኳት። ከዚያ ግን ተነሳሁና አብሬያት ሄድኩ። ግድግዳ ለግድግዳ ተደርድረው ሲበሉ አገኘናቸው። እኔ ነገርኳቸው፤ እሷ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሁለቱ እጃቸውን ሰበሰቡ። አንዱ ሳቀብኝና ጠቅልሎ ጎረሰ። የቀሩት ወደ እሷ ዞሩ፣ እሷ ግን ፊቷን ወደ ደጅ መለሰች። ዱላ ያለው ሰውዬ ያን ቀን አልቀለደም።

ከሳምንት በኋላ ግማሹን ገብስ እንደቀላቀለችበት ሰማሁ፤ ከዚያ በላይ አቅም አልነበራትም። እኔ ፋሲካን በዳቦ ደረስኩ። ተረከዜ አልባሰም፤ አልተወኝምም። እስካሁን ጠዋት ስነሳ ግራ እግሬን አስቀድሜ መሬት ላይ አወርድና፣ ክብደቴን ሳልጥልበት ትንሽ እጠብቃለሁ።