ከሥራ ቀርታለች የተባለችው ሀዋኒ

የሀዋኒን ነገር ባነሳሁ ቁጥር አሁንም ደሜ ይፈላል። በማን ላይ እንደምናደድ ለመለየት ግን ጊዜ ወስዶብኛል።

ሀዋኒ ሮቤ በሚገኘው መሥሪያ ቤታችን የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናት። ጎባ ተወልዳ ያደገች፣ ዛሬም በየጠዋቱ ከጎባ በሚኒባስ የምትመላለስ የሁለት ልጆች እናት። በተላላኪነት ተቀጥራ፣ ዲፕሎማዋን ቅዳሜና እሁድ ተምራ ነው መዝገብ ቤት የገባችው። ከእሷ በፊት ያ ክፍል የአይጥ መጫወቻ ነበር። ከሲናና የመጣ ገበሬ አንዲት ወረቀት ለማግኘት ሦስት ቀን ይመላለስ ነበር፤ ዛሬ ስሙን ተናግሮ ሳይቀመጥ ፋይሉ ይወጣለታል። ለዚህ ሁሉ ድካሟ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድም እርከን ከፍ አላለችም። ባለፈው ኅዳር የመዝገብ ቤት ቡድን መሪ ቦታ ክፍት ሆኖ ማስታወቂያ ሲለጠፍ «በቃ፣ የሀዋኒ ነው» ያላለ አልነበረም። ማስታወቂያው ግን አንድ ነገር ይላል፤ በማህደሩ ውስጥ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ያለበት ሠራተኛ አይወዳደርም።

በዚያው ሳምንት የኃላፊያችን የአቶ ለሚ አማት ዲንሾ ላይ አረፉ።

ለቅሶ መድረስ ደግ ነገር ነው፤ እኔም ቀርቼ አላውቅም። ሐሙስ ኅዳር 19 ግን ለቀብሩ የሄድነው በሥራ ሰዓት፣ መሥሪያ ቤቱን ባዶ አድርገን ነው። አራት ሰዓት ላይ የሰው ሀብት ኃላፊው የሰዓት ፊርማውን ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ «የከሰዓቱንም ፈርማችሁ ውጡ፤ መኪናው ቆሟል» አለን። አሥራ አንድ ሰው ተሰለፈ። እኔም የሃምሳ ዘጠኝ ዓመቱ ሰውዬ፣ ገና ላልመጣ ከሰዓት ፈረምኩ። ሀዋኒ የመዝገብ ቤቱ በር ላይ ቆማ «አንድ ሰው መቅረት አለበት፤ ባለጉዳይ ይመጣል። እኔ እሁድ ሄጄ እደርሳለሁ» አለች። የሰው ሀብቱ ሰውዬ ወረቀቱን መሳቢያው ውስጥ ቆልፎ ወጣ። እሷ ከሰዓት ምን ላይ ትፈርማለች ብሎ ያሰበ አንድም ሰው አልነበረም።

እኛ ዲንሾ ድንኳን ውስጥ ጋቢ ደርበን ንፍሮ ስንቆረጥም፣ እሷ ብቻዋን እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ባለጉዳይ ስታስተናግድ ዋለች። እሁድም ቃሏን አክብራ ለቅሶውን ደረሰች። አቶ ለሚ ግን በልቡ የያዘው የቀብሩን ቀን ነው፤ ማን እንደመጣ፣ ማን እንደቀረ። ሥራ ሲገባ የፊርማውን ወረቀት አስመጣ። በዚያ ከሰዓት ፊርማ የሌለው ስም አንድ ብቻ ነበር።

እኛ መሥሪያ ቤት ኃላፊ የፈረመው ደብዳቤ ሁሉ ቁጥርና ማኅተም የሚያገኘው ከሀዋኒ እጅ ነው። ስለዚህ የራሷን ማስጠንቀቂያ የአቶ ለሚ ጸሐፊ አምጥታ እንደማንኛውም ወረቀት ፊቷ አኖረችላት። «ኅዳር 19 ቀን ከሰዓት በኋላ ያለፈቃድ ከሥራ ገበታዎ በመቅረትዎ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶዎታል» ይላል። ሁለቴ አነበበችው። ቁጥር ሰጠችው፣ ቀን ጻፈችበት። ማኅተሙን ስትመታው ከግድግዳው ማዶ ሆኜ ሰማሁት።

ጓደኛዋ ገላኔ፣ ግዥ ክፍል የምትሠራው፣ ሮጣ መጣች።

«ማሎ ሀዋኒ፣ እባክሽ፣ ፋይሉ ያለው አንቺው እጅ ነው። ቀደሽ ጣዪው፤ ማን ያያል?»

«እኔ አያለሁ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ወረቀት ጠፍቶብኝ አያውቅም፤ ደግሞ በራሴ ፋይል ልጀምር?»

«እሺ፣ መልስ ስትጽፊ የዲንሾን ነገር እንዳታነሺ። ሁላችንም ፈርመናል፤ ታስጨርሺናለሽ።»

«በደብዳቤው እናንተን አላነሳም፤ አንቺን ደግሞ የትም አላነሳም» አለች ሀዋኒ። እንዲህ ያለች ሴት ናት።

መልሷን በአንድ ገጽ ጻፈች። በዕለቱ ከሰዓት በሥራ ላይ እንደነበረች፣ ከሰባት ሰዓት ተኩል በኋላ ስድስት ደብዳቤዎች ተቀብላ እንደመዘገበች፣ ቁጥራቸውንም ዘርዝራ፣ ማስጠንቀቂያው ይነሳልኝ አለች። ግልባጩን ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ አደረገች። አቶ ለሚ አንብቦ ሳቀ። «መዝገቡን የምትሞላው ራሷ አይደለችም እንዴ? ይሄ ምን ማስረጃ ይሆናል?»

ነገሩ ኮሚቴ ጋ መድረሱ ግን ሳያሳስበው አልቀረም መሰለኝ፣ ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌው ደግሞ እኔ ነኝ፤ በዕድሜ ስለምበልጥ። ሁለት ሰው አስከትዬ መዝገብ ቤት ገባሁና «ሀዋኒ ልጄ፣ ትንሽ ዝቅ ብትዪ ምን ይጎድልሻል? ይቅርታ ጠይቂው፤ እሱም ይተወዋል» አልኳት። ያን ያልኩበት አፌ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም ነበር።

«ምን ብዬ ነው ይቅርታ የምጠይቀው ጋሽ ብዙነህ? ሥራዬ ላይ ስለተገኘሁ? የቀረሁት ከሥራ አይደለም፣ ከቀብር ነው! እንደዚያ ብሎ ይጻፍልኝና ያን ጊዜ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ!»

ወጣን። ከኋላዬ አንዱ «ግትር ናት» አለ።

የውድድሩ ምዝገባ ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው ኮሚቴው ተሰበሰበ። ሰብሳቢው ያን ዕለት ዲንሾ አጠገቤ ተቀምጦ ሲበላ የዋለ ሰው ነው። ይኸው ሰው መነጽሩን አድርጎ፣ ፊቱን ኮስተር አድርጎ «በዕለቱ ከሰዓት በሥራ ላይ የነበሩ ሠራተኞች ይመስክሩ» አለ። በሥራ ላይ የነበሩ! በወረቀቱ መሠረት እኮ ከእሷ በቀር ሁላችንም ነበርን።

መጀመሪያ ገላኔ ተጠራች። ጸሎተኛ ናት፣ አትዋሽም። «ሀዋኒን አይተሻታል?» ሲላት አንገቷን ደፍታ «አላየኋትም» አለች። እውነቷን ነው፤ ከሠላሳ ኪሎ ሜትር ርቀት ማን ያያል? ሀዋኒ ቃል ስለገባችላት ምንም አልጠየቀቻትም።

ቀጥሎ እኔ። «አላየኋትም» አልኩ። ወጥቼ ልሄድ ስል ሀዋኒ ብድግ አለች።

«ምስክር የመጠየቅ መብት አለኝ። ጋሽ ብዙነህ፣ ያን ዕለት ከሰዓት እርስዎ የት ነበሩ?»

ሰብሳቢው «ይሄ ከጉዳዩ ውጭ ነው» አለ፤ ዓይኑ ግን እኔን ይለምናል። ያ ልመናው ነው ያነደደኝ።

«ዲንሾ ነበርኩ» አልኩ። «የአቶ ለሚ አማት ቀብር ላይ። የከሰዓቱን አስቀድሜ ፈርሜ ነው የሄድኩት። ሰብሳቢውም አብሮኝ ነበር።»

«ቃለ ጉባኤው ላይ ይጻፍልኝ» አለች ሀዋኒ። ጸሐፊው እስኪጨርስ ድረስ አልተቀመጠችም።

በማግስቱ ማስጠንቀቂያው ተነሳ፤ ምክንያት በሌለው ባለ አንድ መስመር ደብዳቤ። የተሳሳተ ማን እንደሆነ አይልም፤ ይቅርታም የለውም። ያልነበርንበትን የፈረምነውን አሥራ አንዳችንን የጠየቀንም የለም። አቶ ለሚ ዛሬም ወንበሩ ላይ ነው። ሀዋኒ ግን ምዝገባው ሳይዘጋ ደረሰች፤ ተወዳድራም ቦታውን አገኘች።

ውጤቱ የተለጠፈ ዕለት ደረቴን ነፍቼ መዝገብ ቤት ገባሁ። «እንኳን ደስ ያለሽ! ዋናው እውነቱ መውጣቱ ነው» አልኳት። ምስጋና ጠብቄ ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ።

የያዘችውን ፋይል ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ትክ ብላ አየችኝ።

«ጋሽ ብዙነህ፣ እስክጠይቅዎ ድረስ ለምን ጠበቁ?»

መልስ ፈለግኩ። ለገላኔ ፈራች ይባልላታል፤ ገና ብዙ ዓመት የምትሠራ ሰው ናት። እኔ ጡረታዬ ደርሷል፣ አቶ ለሚ ምንም ሊያደርገኝ አይችልም ነበር። ዝም በል ያለኝም ሰው አልነበረም።