የዓርቡ መርፌ

ወልድያ፣ በነርስነት በምሠራበት ሆስፒታል፣ ጋሽ ተገኝና ሸህ ሰይድ የሚባሉ የግራና ከተማ ጎረቤታሞች ጎን ለጎን ተኝተው ነበር። የተሳፈሩበት ሚኒባስ ተገልብጦ የሁለቱም እግር ተሰብሯል። ተኝተው ሲውሉ ደማቸው እንዳይረጋ ሄፓሪን የሚባለውን መርፌ ሆዳቸው ላይ እወጋቸዋለሁ።

አንድ ዓርብ ጋሽ ተገኝ እጄን ያዝ አደረጉና፣ «ልጄ፣ ለመሆኑ ይሄ መድኃኒት የጾም ነው የፍስክ?» አሉኝ።

መዋሸት አቃተኝ። «ድኝ ያለበት የስኳር ዓይነት ነው። በሰውም በእንስሳም ሰውነት ውስጥ ይገኛል» አልኳቸው።

«ይሄኛው ከምን እንስሳ የወጣ ነው?»

«ከአሳማ አንጀት።»

በእኛ አገር አሳማ ወደ አፉ የሚያስጠጋ ክርስቲያንም ሙስሊምም የለም። ሸህ ሰይድ ጠዋት የወጋኋቸውን ሆዳቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። መርፌውን እምቢ ካሉ ደግሞ የረጋው ደም ሊገድላቸው ይችላል። ምን ብዬ እንደምለምናቸው ሳስብ ሸህ ሰይድ፣ «ነፍስ ለማዳን ከሆነ አላህ መሓሪ ነው» አሉ።

ጋሽ ተገኝም ጋቢያቸውን ገልጠው ሆዳቸውን ሰጡኝ። ወግቼ ስጨርስ ወደ ጎረቤታቸው ዞር አሉ።

«አየህ ሰይድ፣ ዕድሜ ልካችንን በየሰርጉ ሥጋ ለይተን ስንበላ ኖረን፣ በስተርጅና ባንድ አሳማ ተገናኘን!»