ለሽምግልና ሄደን ብሬግዚት ላይ ቆመን ቀረን

እኅቴ ልጇን ልትድር ባሰበች ጊዜ ሦስት ሽማግሌ መርጣ እዚሁ አሜሪካ ከአሌክሳንድሪያ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ላከችን። እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት እወጣለሁ ብላ ድምፅ ሰጥታ፣ ብሬግዚት የተባለው መውጣት ግን አልሆንላት ብሎ ዓመት በዓመት ላይ የምትቆጥርበት ጊዜ ነበር። ይህ ከጋብቻ ጋር ምን አገናኘው ቢባል ምንም። እኛ ግን አገናኘነው።

አንደኛው ሽማግሌ እኔ ነኝ፤ የልጁ የእናቱ ወንድም። ክሪስታል ሲቲ ውስጥ የአንድ ሕንፃ ፓርኪንግ አስተዳድራለሁ። ሽማግሌ የሚያሰኘኝ ከጆሮዬ በላይ ያለው ሽበት ብቻ ነው። ሁለተኛው እኛው አፓርትመንት ከታች የሚኖሩ ጡረተኛ መምህር ናቸው፤ ሰማንያን የተጠጉ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ ነገር የማያበዙ ሰው። ሦስተኛው የልጁ የአባቱ ወንድም ነው። አባትየው ከሞተ ስለቆየ፣ በአባት ቦታ ለመቆም ከለንደን ድረስ መጣ። ዕድሜያችን እኩያ ነው፤ አንተ ነው የምንባባለው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤልትዌዩ፣ የቀለበት መንገዱ፣ ተጨናንቆ እየተንፏቀቅን ሳለ፣ ለንደኑ ከኋላ ወንበር ሆኖ ማንም ሳይጠይቀው «እኔ ድምፄን የሰጠሁት ለመውጣት ነው» አለ።

«አንተ?» አልኩት።

«ታዲያስ። ድንበሩ ልቅ ሆነ እኮ። ማንም እየተነሳ ይገባል።»

ይህን የሚለው ሰው እንግሊዝ የገባው በሽንኩርት ጭነት መኪና፣ በጆንያ መሀል ተጋድሞ መሆኑን ቤተሰቡ በሙሉ ያውቃል። የሚያወራው ራሱ ነው፤ በየሠርጉና በየክርስትናው፣ ባወራ ቁጥር አንድ ጆንያ እየጨመረ።

«አንተስ እንዴት ነበር የገባኸው?»

«የእኔ ሌላ ነው። እኔ ተቸግሬ ነው። እነሱ የሚመጡት ለሥራ ነው።»

«አንተ አትሠራም?»

«እሠራለሁ እንጂ። ለዚያ እኮ ነው።»

መምህሩ በመስኮቱ ውጭ ውጭውን ሲያዩ ቆይተው፣ «እዚያ ስንደርስ ይህን ነገር አታንሱት» አሉ። ሁለታችንም ኧረ በጭራሽ አልን።

ያላወቅነው የልጅቷ አባት ማን እንደነበሩ ነው። አዲስ አበባ ሳሉ የመንግሥት የንግድ ድርድር ባለሙያ ነበሩ። አገራችን የዓለም ንግድ ድርጅት ውስጥ እንድትገባ ከውጭ ጥያቄ ይመጣል፤ እሳቸው መልስ ይጽፋሉ፤ መልሱ ሌላ ጥያቄ ወልዶ ይመለሳል። አገሪቱ ሳትገባ እሳቸው ዲቪ ደርሷቸው አሜሪካ ገቡ። እዚህ ደግሞ ሆቴል በር ላይ የእንግዳ ሻንጣ ሲቀበሉ ኖረው ጡረታ ወጡ። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ስለ ታሪፍ የጠየቃቸው አንድም እንግዳ አልነበረም።

ደንቡ የታወቀ ነው። ሽማግሌ የመጣበትን ጉዳይ ቆሞ ይናገራል፤ ሳይናገር ቢለምኑትም አይቀመጥም። ሙሉ ልብስ ለብሰው በሩን የከፈቱልን አባትየው «ግቡ፣ ተቀመጡ እንጂ» ሲሉ፣ መምህሩ «ለጉዳይ ነው የመጣነው፤ ቆመን እንናገራለን» አሉ። ሳሎኑ መሀል ተደርድረን ቆምን። እንግዳ ቆሞ ባለቤት አይቀመጥምና እሳቸውም ቆሙ። መምህሩ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥለው «ይህ የልጁ የአባት ወንድም ነው፤ ለዚሁ ሲል ከለንደን መጥቶ ነው» ብለው አስተዋወቁ።

የአባትየው ዓይን በራ። «ከለንደን? ታዲያ ወጣችሁ ወይስ አልወጣችሁም?»

ለንደኑ እኔን አየኝ። እኔ ምንጣፉን አየሁ።

«እየወጣን ነው» አለ።

«ያለ ስምምነት?»

«ባይኖርስ ጋሼ፣ ምን እንሆናለን? ከፈለግነው ጋር እንነግዳለን።»

«ከፈለግነው ጋር እንነግዳለን» ብለው ቀስ አድርገው ደገሙት፤ የተማሪን ስህተት ሰሌዳ ላይ እንደሚጽፍ ሰው። «እኔ ወንድሜ፣ ስለ ሰሊጥ ብቻ ስንት ገጽ እንደጻፍኩ ያውቃሉ? ለአንድ ሰሊጥ። እናንተ አርባ ዓመት የተገመደ ውል በአንድ ቀን ድምፅ ልትፈቱት ነው?»

«ውል ማለት እኮ ሉዓላዊነትን መሸጥ ነው። የራሳችንን ሕግ ራሳችን እናወጣለን።»

«ራሳችን ሲሉ እነማን ናቸው?»

«እኛ እንግሊዞቹ ነና።»

መምህሩ ጎንበስ ብለው ጉልበታቸውን አሸት አሸት አደረጉ። እዚህ ላይ ነገሩን ማቆም የእኔ ፈንታ ነበር። ነገር ግን በዚያ ሳምንት በምሳ ሰዓቴ ፓርኪንጉ ኪዮስክ ውስጥ ሆኜ ሁለት ቪዲዮ አይቼ ስለነበር፣ የተማርኩ መስዬ «የአየርላንድ ድንበርስ?» አልኩ። ሁለቱም ዞረው በሐዘኔታ አዩኝ። አባትየው ከሶፋው ሁለት ትራስ አንስተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ፤ አንዱ ኅብረቱ ውስጥ የምትቀረው አየርላንድ፣ ሌላው የምትወጣው እንግሊዝ ሆነ። ድንበሩ የቴሌቪዥኑ ሪሞት ነበር። ለንደኑ «ይኼ አያስፈልግም፤ በቴክኖሎጂ ይፈታል» ብሎ ድንበሩን ሲያነሳው ቴሌቪዥኑ በራ። ማንም አላጠፋውም። ከዚያ በኋላ የተባለው ሁሉ ከአንድ የመኪና ኢንሹራንስ ማስታወቂያ ጋር እየተሻማ ነው የተባለው።

«ዕቃው በነፃ ይግባ፣ ሰው ግን ይቁም፤ ይኼ ምን ይከብዳል?» አለ ለንደኑ ድምፁን ከፍ አድርጎ።

«አንተን ያስገባህ እኮ ያ በነፃ የገባው ሽንኩርት ነው» አልኩት።

አማት ሊሆኑ በሚችሉ ሰው ፊት የሰውዬውን ገመና እንዳወጣሁ የገባኝ ፊቱ ሲለወጥ ነው። አባትየው ግን በገመናው አልተደነቁም።

«ትኩስ ነው የደረቀ?» አሉ። «ሽንኩርቱ። ቀረጡ ይለያያል።»

«አላየሁትም» አለ ለንደኑ። «ጨለማ ነበር።»

በዚህ ጊዜ መምህሩ፣ ማንም ሳይላቸው፣ ሄደው ሶፋው ላይ ቁጭ አሉ።

የልጅቷ እናት ከኩሽና ብቅ ስትል ያየችው የተቀመጠ ሽማግሌ ነው። ሽማግሌ ከተቀመጠ ጉዳዩ ተሰምቶለታል ማለት ነውና እልልታዋን አቀለጠችው። ኩሽና ውስጥ የነበረችው እኅቷም ተቀበለቻት።

«ምንድን ነው?» አሉ አባትየው ደንግጠው።

«ፈቀድክ አይደል?»

«ምኑን?»

«ልጅቷን ነዋ።»

«ማን ጠየቀኝና?»

እናትየዋ እኛን አንድ በአንድ አየችን። እስካሁን ካዩኝ ሰዎች ሁሉ እንደዚያ ያየኝ የለም። ልጅቷም ከመኝታ ቤት ወጣች፤ ለካ በሩ ሥር ቆማ ስትሰማ ነበር። «ዳዲ፣ አር ዩ ሲሪየስ? ብሬግዚት?» አለች። ከዚያ እኛን አየችና ወደ አማርኛ ተመልሳ፣ አንገቷን ደፍታ፣ እንደምን ዋላችሁ አለችን።

መምህሩ ከተቀመጡበት ሆነው ተናገሩ። «ጌታዬ፣ ጉልበቴ እምቢ ብሎኝ ደንብ አፍርሻለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ። ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን ልንለምን ነው የመጣነው። ሌላ ጉዳይ የለንም።»

አባትየው ኮታቸውን አስተካከሉ። «ጥያቄያችሁን ሰምቻለሁ። ከዘመድ ጋር እንመክርበታለን። በሦስት ሳምንት ተመለሱ።»

«እኔ እኮ ሐሙስ ወደ ለንደን እመለሳለሁ» አለ ለንደኑ።

«ይህ አስቀድሞ መገለጽ ነበረበት» አሉ፤ ሸኙን።

ስንመለስ ወንዙን ስንሻገር «አፌ አመለጠኝ፤ ይቅርታ» አልኩት ለንደኑን።

«እኔ ሳወራው ይስቃሉ» አለ። «አንተ ስታወራው ግን አዩኝ።»

ራሱ ቀጠለ። «እውነቱን ልንገርህ? ድምፅ ልሰጥ ሰልፍ ላይ ቆሜ፣ ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር። ከኋላዬ አንዲት አሮጊት እንግሊዛዊት ነበረች። እጄን ያዝ አድርጋ ‹ዛሬ እኛ አገራችንን እናስመልሳለን› አለችኝ። እኛ አለችኝ። ያን ያህል ዓመት ስኖር እኛ ብሎኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ከዚያ በኋላ ምን ላድርግ?»

መምህሩ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። ይተኙ አይተኙ አላውቅም። እኔ መንዳቴን ቀጠልኩ፤ ስቀልድበት የዋልኩበት ነገር ሁሉ አፌ ውስጥ መረረኝ። ግን እውነቱን ለመናገር ብዙም አልቆየ፤ ቤት ስደርስ ስለ ትራሶቹ ለባለቤቴ እያስመሰልኩ ሳወራ አመሸሁ።

በሦስተኛው ሳምንት መምህሩና እኔ ብቻ ሄድን። አባትየው ሳሎኑ መሀል አንድ ወንበር አስቀምጠው ጠበቁን። «አንቱ ይቀመጡ» አሏቸው መምህሩን፤ «ልዩ ሁኔታ ተፈቅዶልዎታል።» ጋብቻው በአምስት ደቂቃ ተፈቀደ። እናትየዋ እልል ከማለቷ በፊት ባልዋን ሁለት ጊዜ ጠየቀች።

ልንወጣ ስንል አባትየው በር ላይ ለብቻዬ ያዙኝ። «የዚያን የለንደኑን ሰው ስልክ ቁጥር ትሰጠኛለህ?» አሉ፣ ትንሽ አፍረው።

«ምነው በደኅና?»

«ከእንግሊዝ ባሕር ማን ዓሣ ያጥምድ የሚለውን ጉዳይ ሳንጨርሰው ነው የተለያየነው።»

ሰጠኋቸው። እንግሊዝም ወጣች፤ ልጆቹም ተጋብተው ግሪንቤልት ገቡ። ለንደኑና አባትየው እሑድ እሑድ በስፒከር ይከራከራሉ፤ እናትየዋ ስልኩን ይዘው በረንዳ እንዲወጡ ትጠይቃቸዋለች። የለንደኑ ቫን በየጊዜው ይበላሻል፤ የሚያበጅለት ፖላንዳዊ መካኒክ ከብሬግዚት በኋላ አገሩ ስለገባ ሌላ መካኒክ ጋ ተራ ይጠብቃል። ባለፈው ኮል አድርጎልኝ ቫኑ ለሦስት ሳምንት እንደቆመ ሲነግረኝ፣ ተጸጽተሃል ወይ ብዬ ጠየቅኩት።

«የመርህ ጉዳይ ነው» አለኝ። «ደግሞ ለጋሼ እንዳትነግርብኝ።»

ለአባትየው ግን ነገርኳቸው። በጣም ደስ አላቸው፤ ለእሑዱ ክርክር መልስ ሊጽፉ ወረቀትና እስክሪብቶ አመጡ።