ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ከፈን

የእናቴን ከፈን ሙዚየም ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ያየሁ ቀን አዳራሹን በጩኸት አቀለጥኩት። ጩኸት ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ ላወርደው ተንደርድሬ ጥበቃው ክንዴን ይዞ ነው ያስቀረኝ። አሁን ሳወራው ሰው ይስቃል፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ያን ቀን ግን ነፍሴን አላውቅም ነበር።

ከመነሻው ላውራው። ጅዳ ሰው ቤት እሠራ በነበረበት ጊዜ ሐይቅ ከተማ ወደ ቤታችን በደወልኩ ቁጥር እናቴ «እየፈተልኩ ነው» ትለኛለች። ስልኩን አጠገቧ አስቀምጣ፣ ድምፁን ከፍታ፣ እያወራችኝ እንዝርቷን ታሾራለች። እኔ ሞኟ ለኔ መስሎኛል! ስመለስ የምታለብሰኝ ነጠላ ነው፣ ካገባሁም የሠርጌ ልብስ ነው እያልኩ፣ የሰው ወለል ስወለውል በልቤ ጥለቱን እመርጥ ነበር። አረንጓዴ ይሻላል ወይስ ወርቃማ እያልኩ ከራሴ ጋር እከራከር ነበር።

የተመለስኩ ሰሞን ሳጥኗን ከፍታ አወጣችው። ነጭ ነው። ጥለት የለው፣ ስፌት የለው። አንዱ ጫፍ ላይ ትንሽ ቋጠሮ አለች፤ ጀናዛ ታጥቦ ሲያበቃ የሚቀባውን ካፉር ነው የቋጠረችበት፤ ሽታው ሳጥኑ ገና ሲከፈት ነው አፍንጫዬ የገባው።

«የኔ ነው» አለችኝ። «ከፈኔ።»

ክው አልኩ። «ባሕር አቋርጬ የመጣሁት የሬሳ መግነዣ ልታሳዪኝ ነው? ኧረ አላህን ፍሪ እማዬ!»

«ታዲያ ማን ይፍተልልኝ? አንቺ ስልክ ከመነካካት ሌላ ምን ታውቂያለሽ?» ብላ ሳቀችብኝ።

ጥጡን ያስመጣችው ከትውልድ ቀዬዋ፣ ከአምባሰል ቆላ ነው። የሸመነላት ወደ ሐይቁ ገዳም በሚወስደው መንገድ ዳር የሚኖር ክርስቲያን ሽማግሌ ነው፤ ለምን እንደሆነ ስትነግረው «አላህ ያቆይሽ» ብሎ መርቋት ነው የጀመረው። በየዓመቱ ከረመዳን በፊት ያለው ወር፣ ሻዕባን ሲገባ ከሳጥን አውጥታ ፀሐይ ታስነካዋለች። የሠፈር ሴቶች ይመጡና «አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው፣ ሳትለብሺው ያስረጅሽ» ይሏታል። እኔ ያን ቀን ከጅዳ ባመጣሁት ገንዘብ የከፈትኳትን ሱቅ ሰበብ አድርጌ ከቤት እጠፋለሁ። እናቴ ያላት እኔን ነው፣ እኔም ያለኝ እሷ ናት፤ ልቧ ከታመመ ወዲህ ደግሞ ያ ሳጥን ሲከፈት አጠገቡ አልቆምም።

እንግዲህ አንድ ቅዳሜ ጠዋት «ልበሺ፣ ግብዣ አለን» አለችኝ። የዒድ ቀሚሷን ለብሳለች፣ ሽቶ ተቀብታለች። የት ስላት «ዩኒቨርሲቲ» አለችኝ። እሷና ዩኒቨርሲቲ! ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ ስጨነቅ ሄድኩ። ሐኪም ቤት ቀጥረዋት ይሆናል፣ ክፉ ነገር ነግረዋት ይሆናል፣ እዚያው ደርሰን ትስማው ብላ ነው የደበቀችኝ እያልኩ ላብ በላብ ሆንኩ። እሷ እቴ፣ በመስኮት ሐይቁን እያየች ታንጎራጉራለች።

የወሰደችኝ አጠገባችን ባለው ከተማ፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ወዳለው የሥነ ጥበብ ሙዚየም ነው። የሴቶች የእጅ ሥራ ኤግዚቢሽን የሚከፈትበት ቀን ኖሯል። ለካ እኔ ሱቅ በዋልኩበት ቀን፣ ለተማሪና ለጎብኚ ትምህርት የምታዘጋጀው የሙዚየሙ ወጣት መምህርት ሐይቅ ድረስ መጥታ ከየቤቱ የእጅ ሥራ ስታሰባስብ ነበር። እናቴም ሰጥታታለች። ምን እንደሰጠቻት ግን ለእኔም አልነገረችኝም፣ ለመምህርቷም አልነገረቻት።

ገባን። ሌማቱ፣ አገልግሉ፣ መሶቡ በየመደርደሪያው ተቀምጧል። ተማሪው ፎቶ ያነሳል። ከፊት ለፊት ሙሉውን ግድግዳ የያዘ ነጭ ጨርቅ አለ፤ መብራት ተደርጎለታል። ሥሩ ባለች ወረቀት ላይ «ያላለቀ ጋቢ፣ ሐይቅ አካባቢ» ይላል። አንዲት ተማሪ ጨርቁን ተደግፋ፣ ጫፉን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ራሷን ፎቶ ታነሳለች። ያ ጫፍ ላይ ትንሽ ቋጠሮ አለች።

መጀመሪያ ያወቅኳት ቋጠሮዋን ነው። ከዚያ ሽታው መጣ።

«ያ ረቢ! ያ ረቢ! አውርዱት!»

እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም። ጥበቃው ያዘኝ። መምህርቷ እየሮጠች መጣች፤ ሰው ሁሉ ዞሮ ያየኛል።

«እህቴ፣ ይሄ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አልኳት።

«ጋቢ... ጥለቱ ገና ያልገባለት ጋቢ...»

«ከፈን ነው! የእናቴ ከፈን! እናቴ ደግሞ ይቻትና በሕይወት ቆማለች!»

ፎቶ ስታነሳ የነበረችው ልጅ ጨርቁን ከትከሻዋ ወርውራ ስልኳን ጥላ ሸሸች። አንዱ «በስመአብ» አለ፣ ሌላው «አዑዙ ቢላህ» አለ፣ ሁሉም ወደ ኋላ አፈገፈገ። መምህርቷ ፊቷ አመድ መሰለ። «ይቅርታ እማማ፣ ወላሂ አላወቅኩም፣ አሁኑኑ ይወርዳል» ብላ መሰላል እንዲያመጡ ተጣራች።

እናቴ ከዘራዋን መሬት መታ አደረገች። «ማነው አውርዱ ያለሽ?»

እኔ ከጥበቃው እጅ ወጥቼ ዞርኩባት።

«እማዬ፣ ከፈንሽ እኮ ነው!»

«የኔ መሆኑን አንቺ ልትነግሪኝ ነው? እኔ ነኝ የሰጠኋት።»

«ለምን ምን እንደሆነ አልነገርሻትም?»

«ብነግራት ትወስደው ነበር?»

መምህርቷ መሰላል ያመጣውን ልጅ በእጇ አስቆመችው።

ከዚያ እናቴ ለተሰበሰበው ሰው ተናገረች፤ እንዲህ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። «ልጆቼ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ፈትያለሁ። ለባሌ ጋቢ፣ ለልጄ ነጠላ፣ ለጎረቤት መቀነት። ሁሉም ለብሶ ጨርሶታል፤ ጠጋ ብሎ ክሩን ያየልኝ ግን የለም። ይሄ ከሠራሁት ሁሉ የበለጠው ነው። የሚለብሰው ደግሞ ሬሳ ነው፤ የሚያየውም አልቃሽ። የሚያለቅስ ዐይን ክር ያያል? እስቲ ሳልሞት ይታይልኝ ብዬ ነው።»

ከዚያ ያቺ የሸሸችው ልጅ ቀስ ብላ ተጠጋች፣ ዐይኗን ክሩ ላይ አስጠግታ አየች። ሌላዋ ተከተለቻት። እኔም አየሁ። ወላሂ፣ ያን ጨርቅ ከዚያ በፊት በቅጡ አይቼው አላውቅም! ሳጥን ውስጥ ነበር፣ ሲወጣም እኔ እሸሻለሁ። መብራት ሲያርፍበት ክሩ ከራስ ፀጉር የቀጠነ ነው፤ አንድም ቦታ አልጎረበጠም። እኔ ጅዳ ሆኜ ናፍቆቴን ሳወራላት እሷ ይሄን ትሠራ ነበር። አለቀስኩ። በንዴት ይሁን በምን እስካሁን አላውቀውም።

መምህርቷ ያቺን ወረቀት ቀደደቻት። «እማማ፣ ምን ብዬ ልጻፍ?» ብላ ጠየቀቻት፤ እናቴም አጻፈቻት፤ «ከፈን ነው። የፈተልኩት እኔ ነኝ። አትፍሩት፣ ቅረቡና እዩት።»

በዚህ ያበቃ መስሎኝ ነበር። የት አባቱ! መምህርቷ «በየቅዳሜው መጥተሽ ተማሪዎቹን መፍተል አሳዪልኝ» አለቻት። እናቴ ደግሞ እሺ አለች፣ እኔን ሳታማክር። ያን በሽተኛ ልቧን ይዛ በየቅዳሜው ሚኒባስ ትሳፈራለች፤ ከፈኗ ሥር ወንበር ተደርጎላት ትቀመጣለች። ልጆቹ እንዝርቱን ያሾሩታል፣ ክሩ ይበጠሳል። «አንተ፣ ይሄ ክር ነው ገመድ? በሬ ልታስርበት ነው?» ትለዋለች። ይንከተከታሉ። ማታ እቤት ስትገባ ስለነሱ አውርታ አትጠግብም። የትኛዋ እጇ እየቀና እንደመጣ፣ የትኛው ጥጥ ብቻ እንደሚያባክን ትነግረኛለች። ሰው በከፈኑ ሥር ቁጭ ብሎ እንዲህ ይስቃል? አጂብ እኮ ነው!

ሐይቅ ላይ ወሬው ደረሰ። ባጃጅ ውስጥ፣ ዓሣ ተራ፣ ሱቄ በር ላይ ሳይቀር «እናቷን በቁሟ ገንዛ ሙዚየም አስገባቻት» ይሉኛል። ልታስቁኝ ነው ልታስለቅሱኝ እያልኩ እመልሳለሁ። የሠፈራችንን ሸህ ሄጄ ጠየቅኳቸው። «የተሰቀለው ንጹሕ ቦታ ነው?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። «እንግዲያው ምኑ አስጨነቀሽ?» አሉኝና ሳቁ።

የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። እኛ ዘንድ ሞት ቀጠሮ አይሰጥም፤ ጠዋት የሞተ ከሰዓት አፈር ይለብሳል። ድንገት አንድ ነገር ብትሆን፣ ሙዚየሙ የተዘጋበት ቀን ቢሆን፣ ያን ሁሉ ዓመት የፈተለችው ከፈን ግድግዳ ላይ ቀርቶ እሷ ያለሱ ልትሄድ ነው? ይሄን ሳስብ እንቅልፍ እምቢ ይለኛል። መምህርቷን በአላህ አስማልኳት፤ በደወልኩልሽ ሰዓት፣ በዓልም ይሁን እሑድ፣ ከፍተሽ ታመጪልኛለሽ ብዬ። «ቁልፉ እኔ ጋ ነው፣ አመጣልሻለሁ» አለችኝ።

ክረምቱ ሲገባ እናቴ አልጋ ያዘች። ቅዳሜዋ ቀረች። «ነገ ሄጄ ከፈንሽን ላምጣው» አልኳት። እንዲህ ብሎ መናገር በራሱ ምላሴን አቃጥሎኛል።

«ተዪው» አለችኝ።

«ምን ማለት ነው ተዪው?»

«እዚያው ይታይ። ለኔ ከገበያ አቡጀዲ ጨርቅ ግዢልኝ፣ ይበቃኛል።»

የሰማሁትን አላመንኩም። ትኩሳት መስሎኝ ግንባሯን ዳሰስኩ፤ ቀዝቃዛ ነው። «ይሄን ሁሉ ዘመን ፈትለሽ፣ አቡጀዲ ለብሰሽ ልትሄጂ? እብድ ነሽ እንዴ እማዬ? ሰው ምን ይለኛል?» ብዬ ጮህኩባት። የታመመ ሰው ላይ ይጮሃል? እኔ ጮህኩ።

«ስፈትለው የሚያየው አልነበረም፤ አሁን አለ» አለች። «ልጆቹ ክሩን እያዩ ነው የሚማሩት። ምን እያዩ ይማሩ?»

አቡጀዲውን ገዛሁ። አምኜ ግን አልገዛሁም፤ አፏ እንዲያርፍ ብዬ ነው። በልቤ ያንኑ የሷን አለብሳታለሁ ብዬ ቆርጫለሁ።

አንድ ቀን የንጋቱን ሶላት፣ ሱብሂ ሰግዳ፣ ተኝታ፣ በዚያው አሸለበች። አላህ ይርሐማት። ከማልቀሴ በፊት ስልክ አነሳሁ። መምህርቷ በመጀመሪያው ጥሪ አነሳች፤ አንድ ቃል ብቻ ነው ያልኳት፤ «አምጪው»። ያን ጠዋት ዝናቡ መንገዱን ሲያጥበው ነበር። ሴቶቹ ውሃ አሙቀው፣ ቤቱ ሞልቶ፣ እኔ በር በሩን አያለሁ። ልትዘገይ ነው፣ ልትቀር ነው እያልኩ ስሞትና ስነሳ፣ ባጃጅ በራችን ላይ ቆመች። መምህርቷ ከላይ እስከ ታች በስብሳለች፤ ከፈኑን በላስቲክ ጠቅልላ እንደ ሕፃን ታቅፋዋለች፤ እሱ ጠብታ አልነካውም።

ተቀበልኳት። አጣቢዋ ሴትዮ እጅጌዋን ሰብስባ ቆማለች። በአንድ በኩል አቡጀዲው አለ፣ በሌላ በኩል የእናቴ ፈትል።

«የቱን ላንጥፍ?» አለችኝ።

ሁሉም ሴት ወደኔ ዞረ። እናቴን አየኋት። ጣቶቿን አየሁ፤ አውራ ጣቷ ከመፍተል ብዛት የለሰለሰችበትን ቦታ አየሁ። አፌን ስከፍት የምናገረውን እኔም አላውቀውም ነበር።

«አቡጀዲውን» አልኩ።

«ኧረ ወዲያ! ሐዘኑ አእምሮዋን ወስዶታል!» አሉ ሴቶቹ። አንዷ ጎረቤታችን ከፈኑን ከእጄ ልትነጥቀኝ ሞከረች። ኑዛዜዋ ነው፣ በራሷ አፍ ነው የነገረችኝ ብዬ ማልኩላቸው። ከዚያ ያቺን ቋጠሮ በጥርሴ ፈታኋት፤ እናቴ ናት ያጠበቀችው፣ በጣት አልፈታ ብላኝ ነው። ካፉሩን አውጥቼ ለአጣቢዋ ሰጠኋት። ይሄ ከሷ ጋር ይሂድ አልኳት። ጨርቁን አጣጥፌ ለመምህርቷ መለስኩላት።

«መልሰሽ ስቀዪው» አልኳት። እሷ እያለቀሰች በላስቲኩ ጠቀለለችው፤ እኔም ጨመርኩላት፤ «ወረቀቱን እንዳትነኪው፤ እንዳለ ይሁን።»

አሁን ለሱቄ ዕቃ ልገዛ ወደ ዩኒቨርሲቲው ከተማ ስወርድ ሙዚየሙ ጎራ እላለሁ። ቋጠሮዋ የነበረችበት ጫፍ እስካሁን ተጨማድዷል፤ አልተተኮሰም፣ እንዳይተኩሱትም ነግሬያለሁ። ተማሪዎቹ የፈተሉት የጎረበጠ ክር አጠገቡ በእንዝርት ተቀምጧል። አንዳንዴ አዲስ ተማሪ መጥቶ ወረቀቱን ያነብና «የማን ነው?» ይለኛል።

«የእናቴ ከፈን ነው» እለዋለሁ።

«ገና በሕይወት አሉ እንዴ?»

«የሉም። ለብሳ የሄደችው አቡጀዲ ነው፤ ይሄን ላንተ ትታልህ ነው።»

ይደነግጣል። ይደንግጥ፤ እኔም ደንግጫለሁ። ከዚያ ቀረብ በልና ክሩን እይ እለዋለሁ።