ጠብ ሳይል የመጣው ጎርፍ

«ውረዱ! ውረዱ!» ብለው የጮኹት አዮ ፋጡማ ናቸው። የተሳፈርንበት ባጃጅ ደረቁ ወንዝ መሃል አሸዋው ውስጥ ተቀርቅሯል።

ዛሬ ከቀትር በኋላ ነው፣ ከቀፊራ ገበያ ስንመለስ። እኛ ላይ አናት የሚበሳ ፀሐይ ነው፤ ደጋው ግን ጠቁሯል። ድሬ ዳዋ ደግሞ ጎርፏ ከደጋ ነው የሚመጣው፣ እዚህ ጠብ ሳይል።

በድልድዩ ልዙር ያለ ሰው ሁለት ባጃጅ መቀየር አለበት። ስለዚህ ሰፈራችን የሚገባው አሸዋውን አቋርጦ ነው። (ከዚራ ሰፈር ብንኖር በአስፋልት፣ በዛፍ ጥላ ሥር ነበር። አልታደልንም።)

አዮ፣ እማማ እንደማለት ነው፣ የጎረቤቴ እናት ናቸው፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ግን ከሁላችንም ቀድመው የሰሙት እሳቸው ናቸው። «ሎላ መጣ! ጎርፍ ነው! አትሰሙም እንዴ?»

ሁሌ የሚያመላልሰን ሾፌር መሪውን አልለቅም አለ። «ባጃጇ የሰው ናት! በአላህ ግፉልኝ!»

አዮን ይዤ ልሩጥ ወይስ ልግፋ? እያመነታሁ እሳቸው ዘንቢላቸውን ጥለው መግፋት ጀመሩ። ገፋን። ጎማው ወጣ።

ዳር ደርሰን ዞር ስል ድፍርሱ ውሃ የአዮን ዘንቢል ይዞት ይሄዳል። ቅድም የቆምንበት ቦታ የለም።

በኋላ ሾፌሩ ፊቱን ጠረገና «ነገ በስንት ሰዓት ልምጣላችሁ?» አለን።

የተለመደውን ሰዓት ነገርኩት። ምን ልበለው?

እናንተስ ሰፈራችሁ የምትገቡት በየት በኩል ነው? እስቲ ንገሩኝ። ድልድይ ያላችሁ ግን ለዛሬ ዝም በሉልኝ።